የመጀመሪያው ጋሪ ካፕሊን

ስኪፍ ኮቭ፣ ኒውፋውንድላንድ
መጋቢት 12 ቀን 1995 እ.ኤ.አ.

ለሴልቢ የልጅ ልጅ፣ ለጋርላንድ፤

ሰላምታዬ ከነባለቤትህ ከዶሪንና ከነልጆችህ ይድረስህ። እግዜር በዚያ በቆፈን አገር እጅ እግራችሁን ይጠብቅላችሁ፣ እንጀራችሁን አያጉድልባችሁ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ጉልበቴም ቢሆን ሰባ አንድ ዓመት ተሸክሞኝ ስለኖረ አልፈርድበትም።

ባለቤቴ ሄድሊ በኅዳር ሲያርፍብኝ የላክሃት ካርድ በገና ማግስት ደረሰችኝ። አበባ አለባት፣ የታተመ ግጥም አለባት፣ ከሥሯ ደግሞ "ጋርላንድ" ይላል። በቃ። የአያትህ ታናሽ ወንድም እኮ ነው የሞተው! የኔ ልጅ፣ ብዕር ከያዝክ አይቀር አንድ መስመር ብትጨምር ቀለሙ ያልቅብህ ነበር? ይሁን፤ ካርዷን መደርደሪያው ላይ አቁሜያታለሁ።

በረዶው እስከ መስኮቱ ነው። የዓሣ ፋብሪካው ከተዘጋ ወዲህ ጭስ የሚወጣባቸው ቤቶች አሥራ አንድ ናቸው። ወጣታችን አምብሮስ ነው፤ ስልሳ ስድስት ዓመቱ ነው፣ እሱም ከባድ ነገር አታንሣ ተብሏል። ድንቹ ጉድጓድ ውስጥ ደህና ከርሞልኛል፤ እስከ ሰኔ ያደርሰኛል።

አንድ ወሬ ግን ሰማሁ። ያመጣው አምብሮስ ነው፣ ከሱቅ። ለአዲሱ አውራ ጎዳና ጠጠር የሚፈልግ ተቋራጭ መጥቷል፣ የባሕር ዳርቻችንን ጠጠር በመኪና ሊዝቀው ነው አለኝ። ወደ ዳርቻው የሚያስወርደው ሜዳ የሴልቢ መስክ ብቻ ነው። የሴልቢ መስክ ደግሞ ያንተ ነው። "ጋርላንድ ፈርሞ መንገድ ሰጥቶታል" አለኝ። "አፍህን!" አልኩት። "የሴልቢ ዘር እንዲህ አያደርግም።"

ውሸት መሆኑን በገዛ እጅህ ጻፍልኝ። እሱ ፊት ቆሜ ላንብብለት።

አክስትህ ትሪፊ


ፎርት ማክመሪ፣ አልበርታ
ሚያዝያ 23

ለአክስቴ ትሪፊ፤

እንደምን ከረሙልኝ? እኛ ሁላችንም ደህና ነን። መልስ ስላዘገየሁ አይቀየሙኝ። በቀን አሥራ ሁለት ሰዓት፣ በሳምንት ስድስት ቀን ነው የምሠራው። የምነዳው መኪና ጎማው ብቻ ከእርስዎ በር ይበልጣል። እኔ በአንድ ቀን የምጭነውን አፈር ስኪፍ ኮቭ በመቶ ዓመት አላገላበጠችም።

በአጎት ሄድሊ አዝኛለሁ። ካርዱን የመረጠችው ዶሪን ናት።

ዶሪን አንድ ነገር ጠይቅልኝ ብላለች። አምና ከቤታችን ጀርባ ድንች ተክለን ነበር። ስናወጣው ልጆች የሚጫወቱበትን ብይ ነው የሚያህለው፤ ልጆቹም ተጫወቱበት። የእርስዎ ድንች ትዝ እያለኝ ነው የተናደድኩት። አፈሩን ምን እናድርገው?

ለእርስዎም ሁለት ከረጢት ማዳበሪያ ከሱቅ እንዲያደርሱልዎት አዝዣለሁ። ሰማያዊ ፍሬ ነው፤ በእፍኝ መበተን ብቻ ነው። ከእንግዲህ በዚያ ጉልበትዎ ዓሣ በባልዲ ሲሸከሙ መታየት የለብዎትም። እግዚአብሔር ረጅም ዕድሜ ይስጥልኝ።

ስለዚያ ስለ ጠየቁኝ ነገር፣ ወረቀቱን በጥር ፈርሜያለሁ። ጠጠር ነው አክስቴ። ድንጋይ ማለት ነው። ከዚያ ቦታ ለኔ አንድ ነገር እንኳ ቢወጣልኝ ማን ይጎዳል?

ጋርላንድ


ስኪፍ ኮቭ
ግንቦት 5

ጋርላንድ፤

ደህና ነህ? እኔ ደህና አይደለሁም።

ከረጢቶችህ ደርሰዋል። አንደኛው የዶሮ ቤቱን በር ነፋስ እንዳይከፍተው ደግፎልኛል፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሁለተኛው ላይ አምብሮስ ተቀምጦበታል፤ እሱም አመስግንልኝ ብሏል።

ድንጋይ ነው አልከኝ? ኧረ በሕግ አምላክ! እስከ አሥራ ስምንት ዓመትህ እዚህ አልነበርክም? ካፕሊን የት ነው የምትወልደው? ያቺ ስንዝር የማታክል ዓሣ ስንት ዳርቻ እያለላት የእኛን መርጣ የምትመጣው በኔ ዓይን ተማርካ መሰለህ? ጠጠሩ ነው የሚያመጣት። ያ ባቄላ ባቄላ የሚያህለው ጠጠር። እንቁላሏ እሱ ላይ ተጣብቆ፣ ሞገድ እያጠበው፣ ፀሐይ እያሞቀው ነው የሚፈለፈለው። ጠጠሩን ዝቀኸው ስትሄድ ሥሩ ዐለት ነው። ዐለት ላይ ማን ይወልዳል? አንተን እናትህ ዐለት ላይ ነው የወለደችህ?

እስቲ ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይባላልና ከሥሩ ልንገርህ። ትልቅ መኪና መንዳት ሳያስረሳህ አልቀረም። ካፕሊን ባሕር ላይ ዓይን የማያየውን ደቃቅ ፍጥረት ትበላለች። እሷን ኮድ ዓሣ ይበላታል፣ ዓሣ ነባሪ ይበላታል፣ ወፉ ይበላታል። የተረፈችው ዳር ወጥታ፣ ወልዳ፣ እዚያው ትሞታለች። እኛ በጋሪ አውጥተን የድንቹ መደብ ላይ እናስተኛታለን፣ አፈር እናስታቅፋታለን፤ ድንች ትሆናለች። ድንቹ እኛን ይሆናል። ልጣጩ ለበግ፣ ፍጉ ለጎመን። ዝናቡ የተረፈውን አጥቦ በወንዙ ወደ ባሕር ይመልሰዋል፣ ያ የማይታየው ፍጥረትም ይበላዋል። እኛም ብንሆን የመቃብሩ ቦታ ከአትክልቱ በላይ ነው፣ ተዳፋቱ ላይ። ሄድሊ አሁን እዚያ ነው። ቄሱ "አፈር ነህና ወደ አፈርም ትመለሳለህ" ሲሉ እኛ አስቀድመን ከድንቹ ሰምተነዋል።

እግዜር ይህን አገር ሲፈጥር አፈር ረስቶ ነው። ይህን ጥቁር አፈር የሠሩት አባቶችህ ናቸው፣ መቶ ሃምሳ ዓመት ዓሣና የባሕር ሣር እየተሸከሙ። እዚህ የሚወስድ ሁሉ ይመልሳል። ካፕሊንም፣ በጓም፣ ሄድሊም። እስቲ አንተ ንገረኝ፣ አውራ ጎዳና ሥር የገባ ጠጠር ማን ሊመልሰው ነው?

መኪናዎቹ ሐምሌ 10 ቀን ሰኞ ይገባሉ። ካፕሊን ድሮ በሰኔ ነበር የምትወጣው፤ አሁን ባሕሩ ከተበላሸ ወዲህ ዘግይታ በሐምሌ ሆኗል። ልክ ልትደርስ ስትል ነው እንግዲህ ቤቷን የምታፈርስባት። ወረቀቱ ሱቁ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፤ አምብሮስ መነጽሩን አድርጎ አንብቦታል። ሥራው ሳይጀመር ባለመስኩ መሰረዝ ይችላል ይላል። ሰርዘው!

ለዶሪን፦ አፈርሽ ርቦት ነው በላት። ዓሣ አብሉት፤ ጭንቅላትም አንጀትም ይሆናል። ግን ከሥሩ አንድ ክንድ አርቃችሁ ቅበሩት። ሥሩን ከነካው ያቃጥለዋል።

ትሪፊ


ፎርት ማክመሪ
ሰኔ 11

ለወይዘሮ ትሪፊ፤

ጤና ይስጥልኝ።

ያሉኝን አደረግሁ። ከሱቅ አንድ ባልዲ የዓሣ ጭንቅላት ለምኜ አምጥቼ ቀበርኩ፣ አንድ ክንድ አርቄ። በሦስተኛው ቀን ድብ መጣ። መደቡን አረሰው፣ አጥሩን ጣለው፣ የዶሪንን የልብስ ማስጫ ገመድ አንገቱ ላይ አጥልቆ ከነአንሶላው ጫካ ገባ። ጎረቤቶቼ ፖሊስ ጠሩብኝ። ዶሪን ሁለት ቀን አላናገረችኝም። የስኪፍ ኮቭ ምክር ይኸው ነው።

አሁን ደግሞ እኔ ልናገር፣ ከጀመሩት አይቀር። ደብዳቤዎ ሁሉ "እኛ" "እኛ" ነው። እኛ እንሸከማለን፣ እኛ እንመልሳለን። አባቴን ባሕር ሲበላው ስምንት ዓመቴ ነበር። ከቀብሩ ማግስት ጀምሮ ያ "እኛ" የት ነበር? ማን በራችንን አንኳኳ? የዚያን ዓመት ሰኔ ሰኞ ሰኞ ጠዋት ስነሣ እናቴ አትክልቱ ውስጥ ነበረች። ብቻዋን ጎንበስ ብላ፣ በእጇ ዓሣውን አፈር እያለበሰች ታለቅስ ነበር። አሥር ጋሪ የሚሞላ ዓሣ! በዚያች ትከሻዋ፣ በባልዲ፣ ከዳርቻ እስከ ቤት ዳገቱን! "ማን አገዘሽ?" ብላት "ዝም በል" አለችኝ። እስክትሞት ድረስ ስለዚያ ሰኔ አንድ ቃል አልተነፈሰችም።

አጎት ሄድሊ ፈረስ ነበረው። ጋሪ ነበረው። በአጥራችን ሲያልፍ አንገቱን ደፍቶ ነበር የሚያልፈው፤ እናቴን ቀና ብሎ አያያትም ነበር። ይህን በስምንት ዓመቴ ያየሁትን ዛሬም አልረሳሁትም። ካርዱ ላይ ከስሜ በላይ ያልጻፍኩት ለዚህ ነው፤ እንዲያውም ስሜም በዝቷል።

ያ አገር ለእናቴ አንድ ጋሪ ነፍጓታል። እኔም ድንጋዩን አልሳሳለትም። ይዘቁት።

ጋርላንድ


ስኪፍ ኮቭ
ሰኔ 20

ጋርላንድ፤

ደብዳቤህን ቆሜ አነበብኩት፣ ተቀምጬ ደገምኩት። ሰላምታ የለኝም።

ሆድ ይፍጀው የሚባል ነገር አለ። ይኸው ሠላሳ ዓመት ፈጅቶታል። ሄድሊ ከነምስጢሩ መቃብር ገብቷል፤ እኔም እንደሱ ልገባ ነበር። አንተ አስለፈለፍከኝ። ኃጢአቱ በራስህ ላይ ይሁን።

እዚህ አገር ከአንድ ቤት ሰው ከሞተ፣ በዚያ ዓመት ካፕሊን ስትወጣ የመጀመሪያው ጋሪ የሐዘንተኛው ነው። ሌላ ሰው ለራሱ መደብ አንዲት ዓሣ ሳይጥል በፊት። ማን እንዳመጣው አይነገርም፣ አይጠየቅም፣ አይመሰገንም። ሐዘንተኛው ለማኝ እንዳይሆን ነው፤ ሰጪውም ጌታ እንዳይሆን። ስለዚህ በእሑድ ነው የሚደረገው፣ ሰው ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ሲሆን። እሑድ እዚህ መርፌ የሚያነሣ እንደሌለ ታውቃለህ፤ አያትህ ሴልቢ በእሑድ ሚስማር መታ ተብሎ ዓመት ሙሉ ታምቷል። ለዚያ ጋሪ ግን ቄሱም ሸትቷቸው እንዳልሸተታቸው ይሆናሉ። ታዲያ ያን እሑድ ሁልጊዜ አንድ ወንድ ጥርሱን ያመዋል። ሚስቱ ብቻዋን ትመጣለች። "ባለቤትሽስ?" ሲሏት "ጥርሱን አሞት" ትላለች። "እግዜር ይማረው" ይሏታል። ነገሩ እዚያ ላይ ያልቃል።

አባትህ በሞተ ዓመት፣ በሰኔ፣ ሄድሊን ጥርሱን አመመው። በሚቀጥለው እሑድም አመመው። በሦስተኛውም ሲያመው ቄሱ በር ላይ ይዘውኝ "እንዴ ትሪፊ፣ ባልሽ ስንት ጥርስ ነው ያለው?" አሉኝ። ከአንድ ጋሪ በላይ ወግ አይደለም። እሱ ግን "ልጅ አለ እቤት፣ የሚያድግ ልጅ አለ" እያለ ይሄዳል። አሥር ጋሪ አልክ? አሥራ አንድ ነው። የፈረሱ ትከሻ ተልጦ እኔ ነኝ ቅባት የቀባሁት።

አንገቱን ደፍቶ ያልፍ ነበር አልክ። እንዴታ! ያደረገ ሰው የተደረገለትን ዓይን አያይም፤ ወጉ ነው። ያየ እንደሆነ ምስጋና ፈለገ ይባላል። እናትህ ኤልፍሬዳ "ዝም በል" ስትልህ ወጉን እያስተማረችህ ነበር። አንተ ግን ዝምታውን ይዘህ ሄደህ፣ ሠላሳ ዓመት ቂም አበላኸው። በኔ ሄድሊ ላይ! በሞተ ሰው ላይ!

ስምንት ዓመትህ ነበር፤ ለዚያ ልጅ አልፈርድበትም። አሁን ግን ሠላሳ ስምንት ሞልቶሃል። አጥንትህ የቆመው በዚያ ዳርቻ ዓሣ ነው። የበላህበትን ወጪት ሰባሪ!

ዘንድሮ የመጀመሪያው ጋሪ የማን ቤት እንደሆነ አልነግርህም፤ መቁጠር ትችላለህ። ጥርሱን የሚያመው ወንድ እንኳ አልቀረንም። አምብሮስ ጥርሱ ሰው ሠራሽ ነው።

ፊርማህን አንሣ ብዬ ሁለተኛ አልለምንህም። ማዳበሪያም አትላክ። አትጻፍልኝም።

ትሪፊ


ስኪፍ ኮቭ
ሐምሌ 17

ለጋርላንድ፤

አትጻፍልኝ አልኩህ እንጂ እኔ አልጽፍም አላልኩም። ሰላምታዬ ለዶሪንና ለልጆቹ ይድረስ። ድቡስ እንዴት ነው? አንሶላውን መለሰ?

ሰኞ ሐምሌ 10 ቀን መኪናዎቹን ስንጠብቅ ዋልን። አምብሮስ መስኩ በር ላይ ያንተን ከረጢት አስቀምጦ ተቀመጠበት፤ "ድጠውኝ ይለፉ" ብሎ ነበር። ወደ ቀትር ላይ አንዲት ትንሽ መኪና መጣች። ተቋራጩ ራሱ ነው፣ ፊቱ ቀልቶ፣ እጁ ላይ አንድ ወረቀት። መስኩን አየ፣ ዳርቻውን አየ፣ የማልጽፈውን ስድብ ተሳድቦ ዞሮ ሄደ። አምብሮስ ባርኔጣውን አንሥቶ ሸኘው። ከዚያ ወዲህ ድርሽ ያለ መኪና የለም። ምን እንደሆነ አልጠየቅሁም።

ዓርብ ካፕሊን ወጣች። ከሦስት ዓመት ወዲህ እንዲህ ስትንከባለል አላየሁም። ሞገዱ ራሱ ዓሣ ነበር። ዓሣ ነባሪዎቹ ድንጋይ ብትወረውር በምትመታቸው ርቀት አፋቸውን ከፍተው ይዞራሉ። የአሥራ አንዱም ቤት ሰዎች ዳርቻው ላይ ቆመን አየናት። ባልዲ የያዘ አልነበረም። የመጀመሪያው ጋሪ ሳይወጣ ማን ይነካታል? ማን እንደሚያወጣው ደግሞ ማንም ማንንም አላየም። ሁሉም ወደ እግሩ ነው ያየው። እኔም ወደ ቤቴ ገባሁ። ለራሴ ልሸከም? ከዚህስ ሞት ይሻለኛል።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ከጸሎቱ ይልቅ ሰዉን ስቆጥር ነው የቆየሁት። ሁሉም አሉ። አንድም የቀረ የለም። አምብሮስ ከኋላዬ በሰው ሠራሽ ጥርሱ መዝሙር ያበላሻል። በቃ ወጉም ከሄድሊ ጋር ተቀበረ አልኩ። አለቀስኩ፤ ለሄድሊ መሰላቸው።

ስመለስ ከአጥሩ መታጠፊያ ጀምሮ ሸተተኝ።

መደቡ ሁሉ ብር መስሏል። ዳር እስከ ዳር። የሄድሊ ጋሪ ጋጣው ውስጥ ሰባት ዓመት ቆሞ ነበር፤ መንኮራኩሩ ቅባት ተቀብቶ፣ እርጥብ ሆኖ አገኘሁት። ፈረስ የለንም። ዳገቱን ሰው ነው የጎተተው። ዱካውን አየሁት፤ ትልቅ ጫማ ነው፣ ሶሉ እንደ መኪና ጎማ የተቦረቦረ። እዚህ አገር እንዲህ ያለ ጫማ የሚያደርግ የለም። የማን ነው ብዬ አልጠየቅሁም፣ አልጠይቅምም። ወግ አውቃለሁ።

ግን ያደረገው ሰው ደንቆሮ ነው! አገዳው ላይ፣ ሥሩ ላይ አፍስሶት ሄዷል! አንድ ክንድ ይራቅ ተብሎ በቀለም ተጽፎ፣ ቴምብር ተለጥፎበት የተላከለት ሰው እንዲህ ያደርጋል? ዛሬ ሰኞን ሙሉ በዚህ ጉልበቴ ተንበርክኬ ዓሣውን ከሥሩ ሳርቅና አፈር ሳስታቅፍ ዋልኩ። ወገቤ ተቆርጧል። እንዲህ ያለ ዝርክርክ ሥራ ሄድሊ ቢያየው ኖሮ ከመቃብሩ ይነሣ ነበር።

እያለቀስኩ ነው የሠራሁት። ኤልፍሬዳ አሁን ገባችኝ።

ድንቹ በመስከረም ይደርሳል። ለዶሪን አንድ ጆንያ እልካለሁ። ልጣጩን አትጣሉት፤ አፈራችሁ ውስጥ መልሱት። ልጣጭ ድብ አይጠራም።

እግዜር መግቢያ መውጫህን ይባርክልህ።

አክስትህ ትሪፊ


ፎርት ማክመሪ
ሐምሌ 30

ለአክስቴ ለትሪፊ፤

በእግዚአብሔር ስም ጤናዎን እጠይቃለሁ። ጉልበትዎ እንዴት ነው? ዶሪንና ልጆቹ እጅ ነሥተዋል። ስለ ድንቹ ከአሁኑ ይጨቃጨቃሉ።

ያ አትክልት ላይ ዓሣ ያፈሰሰው ሰው፣ ማንም ይሁን ማን፣ የቤተ ክርስቲያኑ ጸሎት ሳያልቅ ለመጨረስ ቸኩሎ ይሆናል። ይማሩት። ሌላ ዓመት አንድ ክንድ ያርቃል።

አጎት ሄድሊ ያረፉበትን ቦታ አውቀዋለሁ። ከአትክልቱ በላይ፣ ከአጥሩ ሦስተኛው ነው።

ይህን ሁሉ ጊዜ ሳልጽፍልዎት የቆየሁት በክፋት አይደለም። ጥርሴን አሞኝ ነበር።

ጋርላንድ